ባሌ ድረስ ሳይሄዱ ዋሻን መመርመር

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ የ5ኛ ክፍል የሳይንስ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ ስለ ዋሻዎችና ስለ ልዩ የማዕድን ቅርጾች ጥናት ሠርተው እንዲመጡ አዘዝኳቸው። ሁሉም ከስልክ ገልብጠው አንድ ዓይነት ወረቀት ይዘው መጡ። ‹ስታላክታይት ከላይ ይንጠለጠላል፣ ስታላግማይት ከታች ይቆማል› ይላሉ። ለምን ስላቸው ግን ዝም። ሶፍ ዑመር ልወስዳቸው አልችልም፣ ላብራቶሪም የለንም። ራሳቸው እንዲመራመሩ ምን ላድርግ?»

መልስ፦

መምህርት፣ በልጆቹ አይፍረዱባቸው። «ስለ ዋሻ» ተብሎ የታዘዘ የ11 ዓመት ልጅ የተጻፈ ፈልጎ ከመቅዳት ሌላ ምን ያደርጋል? የተሰጠው ርዕስ ነው። መመርመር የሚጀምረው ጥያቄ ሲሰጠው ነው፤ ያውም ማስረጃውን ራሱ አይቶ ወይም ነክቶ ሊወስን የሚችልበት ጥያቄ። ያንን ጥያቄ መምረጥ የእርስዎ ሥራ ነው። ቀጥሎ ያለው ሥራ ከዚህም ይከብዳል፤ መልሱን እያወቁ አፍን መያዝ።

የሥነ ምድር ባለሙያ ነኝ። ለዚህ ትምህርት ከሁሉ በላይ የምወደው አንድ ጥያቄ አለ፦ ይህ ቅርጽ የተረፈ ነው ወይስ የተጨመረ?

ከሶፍ ዑመር ይጀምሩ። ወይብ ወንዝ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ገብቶ፣ ከመሬት በታች ተጉዞ፣ በሌላ በኩል ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1972 የእንግሊዝ አሳሾች ውስጡን ለክተው 15 ኪሎ ሜትር ያህል መተላለፊያ በካርታ አስፍረዋል። ከክፍሎቹ ሁሉ የታወቀው የዓምዶች አዳራሽ የሚባለው ነው። ትልልቅ የድንጋይ ዓምዶች ጣሪያውን ተሸክመው የቆሙ ይመስላሉ። የዚህን አዳራሽ ፎቶ በደንብ አሳትመው ልጆቹ ፊት ያስቀምጡና እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ እነዚህን ዓምዶች ውሃ ጠብ እያለ ገነባቸው? ወይስ ውሃ ዙሪያቸውን በልቶ እነሱን ተዋቸው?

አብዛኞቹ «ጠብ እያለ ነው» ይላሉ፤ ከስልኩ ላይ ያነበቡት እሱን ነውና። አያርሟቸው። «ከምን አወቅሽ?» ብለው ብቻ ይጠይቁ። ከዚያ ግድግዳውን እንዲያዩ ያድርጉ። ድንጋዩ በአግድም የተነባበረ ነው። አንዱን መስመር በጣታቸው ይከተሉት። ያው መስመር፣ በዚያው ከፍታ፣ ዓምዱም ላይ አለ? ካለ ግድግዳውና ዓምዱ ዱሮ አንድ ድንጋይ ነበሩ ማለት ነው። መሃሉን የወሰደው ውሃ ነው። ሶፍ ዑመር የሆነውም ይኸው ነው። ውሃው በድንጋዩ ውስጥ እርስ በርስ የሚቋረጡ ስንጥቆችን ተከትሎ እያሰፋ ሄደ፤ በስንጥቆቹ መካከል ያለው ድንጋይ ዓምድ ሆኖ ቀረ። ልጆች ይህን በራሳቸው ዓይን ሲደርሱበት ክፍሉ ይንጫጫል። ይንጫጫ።

ከዚያ ሌላ ፎቶ ያምጡ። አሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለው የሉሬይ ዋሻ ጥሩ ነው፤ ወይም እስራኤል ቤት ሼሜሽ አጠገብ ያለው የሶሬቅ ዋሻ። የእነዚህ ዓምዶች ገላ እንደ ቀለጠ ጧፍ የተንዠረገገ ነው። ከግድግዳው የሚቀጥል መስመር የላቸውም። እነዚህ የተጨመሩ ናቸው። አሁን ልጁ በእጁ መለያ አለው፤ የትኛውም የዋሻ ፎቶ ላይ ሊሞክረው ይችላል።

ሦስተኛው ፎቶ የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ይሁን። የተረፈ ነው ወይስ የተጨመረ? የተረፈ! ግን የወሰደው ውሃ አይደለም፣ መሮ ነው። አራተኛው ከላሊበላ ብዙም የማይርቀው ይምርሃነ ክርስቶስ። እዚያ ዋሻው የተፈጥሮ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግን በእንጨትና በድንጋይ ውስጡ የተገነባ። እዚህ ላይ ልጆቹ ለሁለት ተከፍለው መከራከራቸው አይቀርም። ክርክሩን ቶሎ አይዝጉት። አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቢወስድም የባከነ አይደለም።

አሁን ወደ «ለምን» እንምጣ። ላብራቶሪ የለንም ብለዋል። እያንዳንዱ ተማሪ ቤት ማንቆርቆሪያ አለ፤ ለዚህ ትምህርት ከእሱ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። ብዙ ጊዜ ውሃ የተፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጡ ላይ ነጭ ቅርፊት ይይዛል። ያ ቅርፊት በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። የኖራ ድንጋይም፣ ስታላክታይትም፣ የእንቁላል ቅርፊትም የተሠሩት ከዚሁ ነገር ነው።

የአመጣጡ መንገድ ሳይቀር ከዋሻው ጋር ይቀራረባል። ዝናብ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል፤ በትንሹ አሲድ ይሆናል። በስንጥቅ ሲወርድ ኖራውን ያሟሟል። ዋሻው ጣሪያ ላይ ሲደርስ፣ የዋሻው አየር ከአፈሩ ያነሰ ጋዝ ስላለው፣ ጋዙ ከጠብታው ይወጣል። ጋዙ ሲወጣ ውሃው ኖራውን ተሸክሞ መቆየት አይችልም፤ ጥቂቱን እዚያው ይጥላል። ማንቆርቆሪያውም ጋ ጋዙን የሚያስወጣው እሳቱ ነው እንጂ የሚቀረው ያው ነው።

ይህን ግን መጀመሪያ አይንገሯቸው። እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ ማንቆርቆሪያ ጥቂት ቅርፊት ፈቅፍቆ በወረቀት ጠቅልሎ ያምጣ። ወረቀቱ ላይ ሰፈሩን ይጻፍ። የሎሚ ጭማቂ ወይም አቼቶ ጠብ ሲደረግበት አረፋ እያወጣ ይፈላል? ምን ያህል? አንዳንዱ ልጅ «የእኛ ማንቆርቆሪያ ምንም የለውም» ብሎ ባዶ እጁን ይመጣል። እሱም ውጤት ነው፤ ይመዝገብ። የከተማው ውሃ ከአንድ ቦታ አይመጣም። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣ አለ፣ ከአቃቂ በኩል ከጉድጓድ የሚወጣ አለ። ግድብ ያጠራቀመው የዝናብ ውሃና ለረጅም ጊዜ ድንጋይ ውስጥ የቆየ ውሃ የያዙት ነገር አንድ አይሆንም። የአዲስ አበባን ካርታ ግድግዳ ላይ ይለጥፉና ልጆቹ በሰፈራቸው ላይ ነጥብ ያድርጉ። ቅርፊት የበዛበት በአንድ ቀለም፣ የሌለበት በሌላ ቀለም። ካርታው ምን እንደሚያሳይ እርስዎም አስቀድመው ላያውቁ ይችላሉ። እንደዚያ ቢሆን ደስ ይበልዎት፤ ያኔ ከልጆቹ ጋር በእውነት እየተመራመሩ ነው።

ከዚያው ሳይወጡ ሌሎች ነገሮችንም በሎሚና በአቼቶ ይፈትኑ። የእንቁላል ቅርፊት ወዲያው አረፋ ያወጣል። ከእምነበረድ ቆራጮች ቤት የተጣለ ፍርፋሪ ይለምኑ። እንዳለ ቢሞከር አፈላሉ ደካማ ነው፤ ተፈቅፍቆ ዱቄት ሲሆን ይፈላል። ለምን? ይህ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ጥቁር ድንጋይ አይፈላም። አዲስ አበባ የተቀመጠችው እሳተ ገሞራ ባፈሰሰው ድንጋይ ላይ ስለሆነ ልጆቹ ከግቢው የሚለቅሙት አብዛኛው ዝም ይላል። ጠመኔውን ሲሞክሩ ደግሞ ጉድ ሊመጣ ይችላል። መጽሐፍ «ጠመኔ ካልሲየም ካርቦኔት ነው» ሊል ይችላል፤ የዛሬው የሰሌዳ ጠመኔ ግን ብዙ ጊዜ ጀሶ ከሚገኝበት ማዕድን፣ ከጂፕሰም ይሠራል፣ ጂፕሰም ደግሞ አይፈላም። የተጻፈውና ያዩት ሲጋጭ ልጆቹ ወደ እርስዎ ይዞራሉ። «የቱን ትጽፋላችሁ?» ብለው ይጠይቋቸው።

የአምቦ ውሃም ይጨምሩ። ጠርሙሱ ሲከፈት ጋዙ ሲወጣ በዓይን ይታያል። እርስዎ ወይም ሌላ አዋቂ ሰው አምቦ ውሃ፣ የቧንቧ ውሃና የታሸገ ውሃ በእኩል መጠን በሦስት ድስት እስኪደርቅ ያፍላ። የቀረውን ልጆቹ ያወዳድሩ፣ ሎሚም ጠብ ያድርጉበት። ግምታቸውን ግን ድስቱ ከመጣዱ በፊት ይጻፉ። ካዩ በኋላ የተጻፈ ግምት አይቆጠርም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ የታወቀ ሙከራ ላስጠንቅቅዎት። በሁለት ብርጭቆ ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ በሙቅ ውሃ ይሟሟል፤ የጥጥ ክር ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘረጋል፤ መሃሉ ላይ በቀናት ውስጥ ትንሽ «ስታላክታይት» ይንጠለጠላል። ሲያዩት ያምራል፣ ልጆችም ይወዱታል። ችግሩ እዚያ ቅርጹን የሚሠራው የውሃው መትነን መሆኑ ነው። ዋሻ ውስጥ ግን አየሩ ብዙ ጊዜ እርጥበት የጠገበ ስለሆነ ዋናው ሥራ የጋዙ መውጣት ነው። ሙከራውን ካሠሩ በኋላ ይህን ልዩነት ሳያነሱ ካለፉት ልጆቹ የተሳሳተ ነገር በደንብ ተምረው ይሄዳሉ። እኔ ብሆን ሙከራውን አሳይቼ «ይህ ከዋሻው በምን ይለያል?» ብዬ ፈተናዬ አደርገዋለሁ።

እውነተኛ የሚንጠለጠል ኖራ ማየት ከፈለጉ የሚያፈስ ኮንክሪት ይፈልጉ። በድልድይ ሥር፣ በምድር ቤት የመኪና ማቆሚያ ጣሪያ ላይ፣ በአሮጌ በረንዳ ሥር ነጫጭ ቀጫጭን ቱቦዎች ተንጠልጥለው ይገኛሉ። ውሃው ከሲሚንቶው ውስጥ ኖራ ይዞ ይወርዳል፣ አየር ሲነካው ይጠጥራል። ከዋሻው እጅግ በፈጠነ ሁኔታ ያድጋል፤ በወራት ውስጥ ለውጡ ይለካል። ልጆቹ በየወሩ ከአንድ ቦታ፣ ከማስመሪያ ጋር ፎቶ ያንሱት። ጠብታውን ግን በእጅ አይንኩ፤ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። የመኪና መንገድ ያለበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ይቅር።

የዋሻው ስታላክታይት ፍጥነቱ ከዋሻ ዋሻ በጣም ይለያያል፤ ግን በዓመት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ብለው ማስላት ይችላሉ። እንግዲህ ልጆቹ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ያስሉት። አንድ ጎብኚ ለማስታወሻ ብሎ የሰበራት አሥር ሴንቲ ሜትር ስንት ዓመት ፈጀች? አንድ ሺህ ዓመት። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ሳይወቀሩ የጀመረች ነበረች። ይህን ራሱ ያሰላ ልጅ «ቅርስ አትንኩ» የሚል ምክር አያስፈልገውም።

ስለ ልዩ የማዕድን ቅርጾች ደግሞ ከጀሶ ይነሱ። ጂፕሰም የሚባለው ማዕድን ተሞቆ ውሃው ሲወጣለት ጀሶ ይሆናል። ውሃ ሲጨመርበት ተመልሶ ጥቃቅን ክሪስታል ሠርቶ ይደርቃል። ልጆቹ የተበጠበጠበትን ኩባያ ከውጭ ቢይዙት ሲሞቅ ይሰማቸዋል። እጅ ግን ውስጡ አይግባ፣ ሊያቃጥል ይችላል። ጂፕሰም አገራችን ውስጥ አለ፤ ወደ ጎጃም ሲሄዱ ጎሃ ጽዮን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ የኖራ ድንጋዩም ጂፕሰሙም በገደሉ ላይ ተነባብረው ይታያሉ። በጥፍር ይጫራል። የእምነበረድ ፍርፋሪውን በጥፍራቸው ቢሞክሩት አይጫርም። አንድ ፈተና ተጨመረላቸው ማለት ነው።

ከዚያ የሜክሲኮውን የናይካ ማዕድን ማውጫ ፎቶ ያሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2000 የማዕድን ሠራተኞች 300 ሜትር ያህል ከመሬት በታች አንድ ዋሻ ከፈቱ። ውስጡ ከ11 ሜትር በላይ የሚረዝሙ ክሪስታሎች ነበሩበት። የምን ክሪስታል? የጂፕሰም! ያው የጀሶው እናት። ሙቀቱ እስከ 58 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይደርሳል፣ አየሩ በእንፋሎት የታፈነ ነው፤ ልዩ ልብስ የሌለው ሰው ከደቂቃዎች በላይ አይቆይም። የማዕድኑ ፓምፖች ሲቆሙ ዋሻው ተመልሶ ውሃ ሞላው።

ለምን ያን ያህል ገዘፉ? ሙቀቱ ለመቶ ሺዎች ዓመታት ሳይለዋወጥ፣ በውሃ ውስጥ፣ በጣም ቀስ ብለው ስላደጉ ነው። ይህንንም ከመናገርዎ በፊት በጨው ይሞክሩት። ጨው በሙቅ ውሃ እስኪጠግብ ይሟሟ። አንዱ ሳህን ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ፣ ሌላው በስስ ጨርቅ ተሸፍኖ ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። የትኛው ትልልቅ ክሪስታል ይሠራል? የክሪስታሉ ጎን ስንት ነው? ልጆቹ በማጉያ መነጽር እያዩ ይሳሉት። ፎቶ ከማንሳት ይልቅ መሳል ይሻላል፤ የሚስል ልጅ ማዕዘኑን ለመቁጠር ይገደዳል።

ጨው ከተነሳ ዳሎልን መዝለል አይቻልም። ዋሻ አይደለም፤ ግን ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኝ፣ የጨው፣ የድኝና የብረት ቅርጾች ሞልተው የፈሰሱበት ቦታ ነው። ጥያቄያችን እዚህም ይሠራል። ቢጫና አረንጓዴ እርከኖቹ ከሥር የሚፈልቀው ሙቅ ጨዋማ ውሃ የጨመራቸው ናቸው። እዚያው አካባቢ ቆመው የሚታዩት የጨው ግንቦች ደግሞ ውሃ ሸርሽሮ ያስቀራቸው ናቸው። በቀለሙ ላይ ብረት ትልቅ ድርሻ አለው፤ አየር ሲያገኘው ከአረንጓዴነት ወደ ብርቱካንማና ወደ ቡናማ ይሄዳል። ልጆቹ የብረት መፈግፈጊያ ሽቦ አቼቶ ውስጥ ነክረው የፈሳሹን ቀለም በየቀኑ ይመዝግቡ። ጋዝ ስለሚወጣ ክዳኑ አይዘጋ፤ እሳትም አጠገቡ አይኑር።

ወሎ ውስጥ የሚወጣውን የወገል ጤናን ኦፓል፣ ያንን ባለ ብዙ ቀለም የከበረ ድንጋይ፣ በአጭሩ ልንካው። እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ በዓለም ገበያ ታዋቂ ሆኗል። ቀለሙ ከቀለም ሳይሆን በረድፍ ከተደረደሩ በጣም ጥቃቅን የሲሊካ ኳሶች ነው፤ ብርሃን በመካከላቸው ሲያልፍ ይበታተናል። ብዙው የወገል ጤና ኦፓል ውሃ ይመጥጣል። ከወላጆች አንዱ ትንሽ ቁራጭ ካለው ከመነከሩ በፊትና በኋላ ይመዘን። ቁራጩ ውድ ከሆነ ግን ይቅር፤ ሲደርቅ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ስልኩንስ? አይከልክሉ። ግን ከሙከራው በኋላ ይምጣ። ልጁ የራሱን ጥያቄ ይዞ ሲያነብ ንባቡ ይለወጣል። ከገጹ የሚጽፈው እያንዳንዱ መረጃ አጠገብ «ይህ እንዴት ታወቀ?» የሚል አምድ ይኑር። ተለክቶ? ተቆፍሮ? ከሽማግሌ ተሰምቶ? የዳሎልን ዝቅታ ወይም የሶፍ ዑመርን ርዝመት ከተለያዩ ገጾች እንዲሰበስቡ ያድርጉ። ቁጥሮቹ ላይገጥሙ ይችላሉ። ለምን እንደማይገጥሙ መጠየቅ ትልቅ ትምህርት ነው።

ሰውም ምንጭ ነው። ሶፍ ዑመር የተቀደሰ ቦታ ነው፤ በሼህ ሶፍ ዑመር ስም የሚጠራና ሙስሊም ምእመናን የሚሰበሰቡበት። ከክፍልዎ ከባሌ ወይም ከሐረርጌ የመጣ ቤተሰብ ያለው ልጅ ካለ አያቱን ይጠይቅ፣ በአክብሮት ይጻፍ። የሚነገረውን ታሪክና የድንጋዩን ታሪክ እንዲያፋልሙ አያድርጉ። ሁለቱም በየአምዳቸው ይቀመጡ።

አንድ ቀን ዋሻ ለመውሰድ ዕድሉ ከተገኘ ጥቂት ነገሮች ላይ አይደራደሩ። ቦታውን የሚያውቅ አስጎብኚ ሳይኖር አይገባም። ወንዝ ያለበት ዋሻ በዝናብ ወቅት ወጥመድ ነው፤ ዝናቡ ርቆ ቢዘንብም ውሃው በድንገት ይመጣል። የሌሊት ወፍም ኩሷም አይነካም። እ.ኤ.አ. በ2008 ኡጋንዳ ውስጥ የሌሊት ወፎች የሞሉበት ፓይቶን የሚባል ዋሻ ከገቡ ጎብኚዎች መካከል በማርበርግ ቫይረስ ተይዞ የሞተ አለ። የሌሊት ወፍ የበዛበት ዋሻ ከሆነ ልጆችን ይዘው አይግቡ። ስታላክታይቱንም በእጅ አይንኩ፤ የቆዳ ቅባት ከቀረበት አዲሱ ኖራ አይያዝም። ሰፈር ውስጥ ያሉ የድንጋይ ካባዎችና ጉድጓዶች ደግሞ ለልጆች «ዋሻ» አይደሉም፤ ይናዳሉ። ከትምህርቱ በፊት ይህን በግልጽ ይንገሯቸው፤ ጉጉት ከቀሰቀሱ በኋላ ሳይነግሩ መልቀቅ አደገኛ ነው።

በውጭ አገር ያሉ ወላጆችም ይህን ያነቡ ይሆናል። ዋሽንግተን አካባቢ ላላችሁ ሉሬይ በመኪና ደርሶ መልስ ነው። እዚያ ያለ አንድ የውሃ ኩሬ የጣሪያውን ስታላክታይት ስለሚያንጸባርቅ በጣም ጥልቅ ይመስላል፤ ልጆቻችሁ መጀመሪያ ጥልቀቱን ይገምቱ፣ ከዚያ አስጎብኚውን ይጠይቁ። ሶሬቅን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1968 የገለጠው የድንጋይ ካባ ፍንዳታ ነው። ሳይንቲስቶች የስታላክታይቱን ንብርብር እያነበቡ የጥንቱን ዝናብ አጥንተውበታል።

ስለ ውጤት አሰጣጥ አልጠየቁኝም፤ ግን ሁሉም እዚያ ላይ ነው የሚበላሸው። ለሚያምር ሽፋንና ለረጅም ጽሑፍ ነጥብ ከሰጡ ነገም ይገለብጣሉ። ከአሥር ቢሆን እኔ ሦስቱን ለጥያቄው፣ ሦስቱን ቀን ለተጻፈበት የምልከታ ደብተር፣ ሦስቱን «ከምን አወቅህ» ለሚለው መልስ እሰጣለሁ። የቀረችውን አንዷን፣ ግምቱ ስህተት ሆኖ ሳይሰርዝ ለተወው ልጅ። ደብተሩ ላይ የተሰረዘ ግምት ካዩ ጠርተው ያነጋግሩት፤ ከሥሩ ምን ጽፎ እንደነበር ያንብብልዎት።